ቢርካው አጠገብ ያስቆሙኝ ሽማግሌ

ይህ የሆነው ጅጅጋ ተመድቤ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ጊዜው ቢርቅም የፀረ ተባይ መርጫ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ልሠራው የነበረውን ትልቅ ጥፋት ያስቀሩልኝ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቅ አርሶ አደር ናቸው።

አርሲ ተወልጄ ያደግሁ፣ ገና የተመረቅሁ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ከጠረፍ ማዶ የመጣ የአንበጣ መንጋ አውበሬ አካባቢ አርፎ እንቁላል ጥሎ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኩብኩባ ተፈለፈለ ተባለ። ኩብኩባ ገና ክንፍ ያላወጣ አንበጣ ነው፤ መብረር ስለማይችል በመንጋ እየዘለለ ይጓዛል፣ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ይበላል። አለቃዬ በጀርባ የሚታዘል መርጫና መድኃኒት አስይዞ ከአንድ ሾፌር ጋር ላከኝ።

ስንደርስ ረፍዷል። መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ኩብኩባው ወደ ማሽላው እያመራ ነው፤ ከፊቱ ያለው የመጀመሪያው ማሳ ላይ ለመድረስ ብዙ አልቀረውም። ጓንቴን አጥልቄ መድኃኒቱን መበጥበጥ ስጀምር ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ፋራህ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሾፌር ስለነበሩ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ።

«ልጄ፣ እዚህ አትርጪ» አሉኝ።

«አዴር፣ አሁን ካልረጨሁ እኮ እስከ ማታ ማሽላው ያልቃል» አልኳቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው።

አፈር ዘግነው ከፍ አድርገው ለቀቁት። ነፋሱ አቧራውን ይዞት ቁልቁል ሄደ። ቢርካውን ያየሁት ያኔ ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ የመንደሩ ሰውም ከብቱም እስከሚቀጥለው ዝናብ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ከላዩ የተጋረደው በእሾህ ብቻ ነበር።

ነፋሱን ማየት፣ ከውሃ መራቅ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። በችኮላ ረሳሁት። ግን እልህ ያዘኝ። «ታዲያ ሲበላ ዝም ብለን እንየው?»

«ማን ዝም አለ?» አሉና ከጉብታው ጀርባ ወሰዱኝ። ብዙ ሴቶችና ወንዶች ረጅም ቦይ እየቆፈሩ ነበር። «አንበጣው እንቁላሉን የት እንደቀበረ አይተን ምልክት አድርገንበታል። ኩብኩባው በየት በኩል እንደሚመጣ እናውቃለን። ቦዩ ውስጥ ከገባ መውጣት ያቅተዋል፣ አፈር እንመልስበታለን።»

መርጫውን መኪናው ላይ መልሼ አካፋ ያዝኩ። ግማሹ ሰው በቅርንጫፍና በጨርቅ ኩብኩባውን ወደ ቦዩ ይነዳል፣ ሌሎቻችን እንቀብራለን። እስከ አስራ አንድ ሰዓት እንዲህ ዋልን። አብዛኛው ገባልን። ቦዩ ባልደረሰበት በኩል ያመለጠው ግን የመጀመሪያውን ማሳ አገዳ ብቻ አስቀረው።

በማግስቱ በጠዋት፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ከብቶቹን አርቀን፣ ከቢርካውም ርቄ የተረፈውን ኩብኩባ ረጨሁ። የሌላው ሰው ማሽላ ተረፈ።

ልንሄድ ስንል አብራን ስትቆፍር የዋለች ሴት ለሾፌሩ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ነገረችው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «የተበላው ማሳ የሽማግሌው ነው» አለኝ።

ሮጬ ሄድኩ። «አዴር፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ትረጪ ነበራ» አሉ። «ማሽላ ዘመድ ያካፍለኛል። ውሃው ቢበላሽ ግን ለዚህ ሁሉ ሰው ማን ያካፍላል?»

እጃቸውን ይዤ ተሰናበትኳቸውና መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ጅጅጋ ተመልሼ ሪፖርት ስጽፍ «በባለሙያ ክትትል በቁጥጥር ሥር ውሏል» አልኩ። ለዚያም ተመሰገንኩ። ስለ ቢርካው ብጽፍ ስህተቴ ይታወቅብኛል ብዬ ፈርቼ ስማቸውን ሳላነሳ ቀረሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን እኔም ልጆች ወልጃለሁ። ውሃ ቀድቼ በሰጠኋቸው ቁጥር የዚያ መንደር ልጆች ይታዩኛል። እነሱም አድገው ወልደው ይሆናል፤ የዚያን ዕለት ከምን እንደተረፉ አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ። አዴር ፋራህ፣ ያኔ መጻፍ የነበረብኝ የእርስዎን ስም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።