ጋሼን ከነሂቲንግ ፓዱ ያስነሳው አክብሮት

አጎቴ ጋሼ ታደሰ ዛሬ ለካህን እነሳለሁ ብለው ሊወድቁ ነበር!

በነርቭ ሕመም ምክንያት ደም ግፊታቸው ሲተኙ ይጨምራል፣ ሲቆሙ ይወርዳል። ሐኪማቸው ሲተኙ ሆዳቸው ላይ ሂቲንግ ፓድ፣ ያ በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ጨርቅ፣ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ ሙቀቱ ግፊቱን ይቀንሳል። ግን ድንገት ብድግ ማለት የለም።

እኔ አዲሷ የነርሲንግ ምሩቅ፣ «የግፊቱ ቁጥር ወረደልኝ!» ብዬ ስጨፍር የንስሐ አባታቸው ከአሌክሳንድሪያ እኛ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድተው ሊጠይቋቸው መጡ።

ጋሼ ከነፓዱ ብድግ! ወዲያው አዞራቸው። ደግነቱ አባ ደርሰው ያዟቸው።

«ተኝቼ ካህን ልቀበል እንዴ?» አሉ ጋሼ፣ መልሰን ስናስተኛቸው።

«ከእንግዲህ ማንም ቢገባ እንዳይነሱ፤ ቀኖናዎ ነው!» አሉ አባ።

አራት ዓመት ተምሬ ያልቻልኩትን በአንድ ቃል!

ጋሼ ግን ፓዱን ሆዳቸው ላይ እያስተካከሉ፣ «ለመሸኘትስ፣ አባ?»

የእናንተን ታማሚ ምን አስተኛላችሁ? ቶሎ ንገሩኝ፣ ነገ ከፎልስ ቸርች ከተማ ዘመዶች ይመጣሉ፤ መሸኘት ሊኖር ነው!