ለመቅደስ እጅ የነሳው አውሬ

ቺዙ ባሏን ኩኒሂኮን መጠርጠር የጀመረችው በስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘግይታለች፤ ከጀመረች ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣች። ነገሩን የቆሰቆሱት ጎረቤቷ ወይዘሮ ታኩማ ናቸው። ገበያ ላይ ዳይከን የሚባለውን ነጭ ሥር እያገላበጡ ሲመርጡ፣ «በዚያ ፊልም አውሬውን ሆኖ የሠራው ሌላ ሰው ነው አሉ። የአቶ ኩኒሂኮ ስም እኮ የትም አይወጣም» አሏት።

ኩኒሂኮ ሠላሳ አንድ ዓመት የኮራው አውሬውን ሆኖ ሲሠራ በለበሰው የጎማ ቆዳ ነው። ስለ ስሙ ሲጠየቅ፣ «ያኔ የቆዳ ለባሽ ስም አይጻፍም ነበር» ይላል። ምቹ መልስ ነው።

ፊልሙ የድሮው ዝነኛ ፊልም እንደገና ሲሠራ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያውን አያህልም። የአውሬው ዚፕ ይታያል፤ ባሕሩም ገንዳ መሆኑ ያስታውቃል። ሰፈሩ ግን ይወደዋል፤ በየዓመቱ አንድ እሑድ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ ይታያል። በተለይ አንዷን ስህተት ይወዷታል፦ አውሬው ከተማውን እየደመሰሰ መጥቶ ከእንጨት ከተሠራች ትንሽ መቅደስ ፊት ይቆማል። መቅደስ ገብቶ እንደሚጸልይ ሰው ሁለቴ እጅ ይነሳል፣ ሁለቴ ያጨበጭባል፣ አንዴ ደግሞ እጅ ይነሳል። ከዚያ ይረግጣታል። ተመልካቹ እየሳቀ አብሮት ያጨበጭባል።

ዘንድሮ ቺዙ አላጨበጨበችም። እነዚያን እጆች አፍጥጣ አየች። ኩኒሂኮ ለአዲስ ዓመት እንኳ መቅደስ አይገባም፤ እሷ ስትገባ እሱ ውጭ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ይሄ ሰው ነው ለእንጨት መጫወቻ እጅ የሚነሳው? ሠላሳ አንድ ዓመት ለውሸታም ምሳ ስትቋጥር ኖራለች ማለት ነው።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ያ እጅ የማን ነው?» አለችው።

«የኔ ነዋ።»

«አትዋሸኝ። አንተና መቅደስ የት ትተዋወቃላችሁ?»

ኩኒሂኮ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ናዎ ቀዶ ጥገና የገባች ቀን ነው የተቀረጸው» አለ። «ለፊልሙ የተሠራችው ከተማ የምትፈርሰው አንዴ ብቻ ነው፣ ቀረጻውን ጥዬ መምጣት አልቻልኩም። ያገኘኋት መቅደስ ያቺ ብቻ ነበረች።»

ልጃቸው ናዎ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም። ቺዙ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ጠበቀች፣ መርዶውንም ብቻዋን ሰማች። አልመጣም ብላ እስከ ዛሬ ቂም ይዛበታለች።

«ከዚያ ወዲያ መቅደስ የሚባል አልገባሁም» አለ።

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?»

«ልነግርሽ ነበር። ፊልሙ የወጣ ሰሞን አብረን ስናየው፣ አውሬው ሲያጨበጭብ ሳቅሽ። ከናዎ ወዲህ ስትስቂ የመጀመሪያሽ ነበር።»