ያላወጣሁት ታንኳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ታንኳ ይሥሩልን አለችኝ። አንድ የድሮ የመድረክ ቴአትር በዛሬ ሰው ኑሮ አድርገው ፊልም ሊቀርጹ ነው፤ ንጉሡ ባለሆቴል ሆኗል። ታሪኩን ስትጀምርልኝ መጨረሻውን አወቅሁት። ታንኳ የምሠራበትን ደንገል የያዘው እጄ ቆመ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይህንኑ ቴአትር ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ተዋናይ ይጫወቱት ነበር። ልጁን በቁጣ ያባረረ ንጉሥ ሆነው፣ በመጨረሻ ዙፋናቸው ላይ መርዝ ጠጥተው፣ ረጅም ግጥም እያሉ ይሞታሉ። እኔ ከንባብ ብዙም የለሁበትም፤ ያን ግጥም ግን በጆሮዬ ይዤው ነበር።

ቴአትሩን በጋሽ ታዬ ሊቀርጹ ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና የዛሬ ተመልካች ዙፋን አያምንም አሉ። ንጉሡን የመኪና ነጋዴ አደረጉት፤ ካባውን በከባድ ጥቁር ካፖርት ለወጡት፤ መርዙ ቀረና ሞቱ ጣና ላይ፣ በታንኳ ሆነ። ዳር ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ጋሽ ታዬ፣ «ግጥሜን ወስደው ውሃ ሰጡኝ» ብለው ሳቁ። ዋና አይችሉም ነበር።

ታንኳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀዛፊም ሆኜ በፊልሙ ልታይ ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የጣና ሰው ከውሃ ሲመለስ ታንኳውን አውጥቶ፣ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ውሃው ወርዶ እንዲደርቅ። አዘጋጁ ግን በፊልሙ መልኩ እንዳይለዋወጥ ብሎ አራት ቀን ሙሉ እንዳይወጣ አዘዘ። የደረቀው ይነጣል፣ የረጠበው ይጠቁራላ። ብናገር ሌላ ቀዛፊ ያመጣሉ ብዬ ፈራሁ። እንዳለ ውሃው ላይ አሰርሁት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከደቅ ደሴት በኩል ተነሣ። የታንኳው ጠርዝ ከውሃው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋሽ ታዬ አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ይችለናል?»

«ይችላል፣ ጋሼ።»

ከዳር ራቅ እንዳልን ማዕበል በላያችን አለፈና ታንኳው እንደ ግንድ ተገለበጠ። ካፖርቱ ይዟቸው ወረደ። እጃቸው ብቻ ብቅ ሲል አዘጋጁ ከሞተር ጀልባው ላይ፣ «እንዴት ያምራል፣ አታቁም» ሲል ሰማሁት። ጠልቄ በአንገትጌው ጎትቼ አወጣኋቸው።

ተረፉ። ደረታቸው ግን አልዳነም፤ ሁለት ስንኝ ሳይሉ ሳል ያቋርጣቸዋል፣ መድረክም ዳግም አልወጡም። ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር» አልሁ።

ትክ ብለው አዩኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፊልሙ ሲታይ ሰዉ ለዚያች እጅ አጨበጨበ።

ትናንት እነሰላም የዕለቱን ቀርጸው ሲጨርሱ ታንኳውን ውሃው ላይ አስረው ሊሄዱ ሆነ። አይሆንም፣ ይውጣ አልሁ።

«አባባ፣ ነገ መልኩ ይለወጥብናል» አለች ሰላም።

«ይለወጥ፣ ልጄ።» ከዚያም ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋት። ስልኳን ኪሷ ከታ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ፤ ጎትተን ዋርካው ላይ አቆምነው።

እነሱ ሲሄዱ ከሥሩ ተቀምጬ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አዳመጥሁ። ጋሽ ታዬ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ» አልሁ፣ ቀስ ብዬ።