አኮ ያልቆጠሩት ስብራት

አኮ እያልን የምንጠራቸው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ቡራዩ በሚገኘው ቤታቸው ካረፉ ዛሬ አርባቸው ነው። አኮ የዳነ ሕመምን እንደ ሕመም አይቆጥሩም ነበር። ስላለፈ በሽታቸው ስንጠይቃቸው፣ "ዳነ እኮ! ምን ያስቆሰቁሳችኋል?" ይሉን ነበር።

አምና ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አጥንታቸው ሳስቶ ለስብራት ምን ያህል እንደተጋለጡ ለመገመት ነርሷ ትጠይቃቸው ጀመር።

"እማማ፣ በቀላል አወዳደቅ አጥንትዎ ተሰብሮ ያውቃል?"

"የእኔ? በፍጹም!"

"አኮ፣ ያኔ ደጃፍ ላይ ያዳለጥዎት ጊዜስ? እጅዎ ተሰብሮ አልነበር?" አልኳቸው።

"እሱማ ወለምታ ነው፤ ወጌሻው አስሮ አድኖት የለ? አንተ መምህር፣ ሁሉን ነገር ፈተና አታድርገው!"

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቅጹ ላይ "የለም" ተብሎ ተጻፈ።

በቀላል አወዳደቅ አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ያንን ስብራት አስመዝግበን ቢሆን ኖሮ ለተጨማሪ ምርመራ ይላኩ ነበር፤ ምናልባት መድኃኒትም ይታዘዝላቸው ነበር። እኔ ግን ስቄ አለፍኩት። ከወራት በኋላ ከአልጋቸው ሲወርዱ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም።

ትናንት እናቴን እዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ፣ "ከወላጆችዎ ዳሌው የተሰበረ አለ?" ስትላት እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"አዎ፣ እናቷ" አልኩ እኔ። ነርሷ ቅጹ ላይ "አለ" ብላ እስክትጽፍም ብዕሯን በዓይኔ ተከተልኩ።