ጠመንጃ ያልነበረው ሰው ለቅሶ

ባሌ አዝማሪ ነበር። ከሞተ ወዲህ አንዳንድ ወዳጆቻችን «አርቲስቱ» እያሉ ያነሱታል፤ ደግ አስበው ስለሆነ አልቀየማቸውም። እኔ ግን አዝማሪ አግብቼ አዝማሪ ነው የቀበርኩት። ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች አሉ ብዬ ቃሉን አልቀይርም። እሱም በሕይወት ሳለ አልቀየረውም። መታወቂያ ሲያወጣ ጸሐፊዋ ሥራውን ጠየቀችው፤ «አዝማሪ» አላት። «የግል ሥራ ልበለው?» ብትለው፣ «ኧረ የሕዝብ ሥራ ነው» ብሎ አሳቃትና እንዳለው አስጻፋት።

እንሠራበት የነበረው መጠጥ ቤት ጎንደር ፒያሳ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እሱ ማሲንቆውን ይመታል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ግጥም የመጣለት ደንበኛ «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፣ ባሌ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። የቤቱን ግድግዳም የሣለው እሱ ነው። ባለቤትየዋ በር አስቀብታ የተረፋትን ቀለም ሰጠችውና፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ደንበኞቹን ሁሉ እስክስታ ሲመቱ ሣላቸው። አፍንጫው የረዘመበት፣ አንገቱ የጠፋበት፣ ጥርሱ የበዛበት ሁሉ እዚያ አለ። ከጠዳ የሚመጣ አንድ እህል ነጋዴ ራሱን ግድግዳው ላይ ሲያይ፣ «ምነው ሆዴን እንዲህ አደረግኸው፣ ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ» አለው። ባሌም፣ «መጀመሪያ አንቱ ይቀንሱ፣ እኔ ብሩሼን ይዤ እከተላለሁ» አለው። ሰውየው ከት ብሎ ስቆ ቤቱን በሙሉ ጋበዘ።

ሳቂታ ስለነበር ፈሪ የመሰላቸው ነበሩ። አንድ የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሻጠ ሰው «ተቀበል» አለና አንድ እግሯን የምታነክሰውን አስተናጋጃችንን የሚሰድብ ግጥም ሰጠ። የአዝማሪ ደንቡ የተሰጠውን መቀበል ነው። ባሌ አልተቀበለም። ማሲንቆውን ዝም አሰኘ፣ አስተናጋጇን ወደ መሀል ጠራ፣ ለእሷ ሙገሳ ያወርድላት ጀመር። ሰውየው እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ አጠገቡ የነበሩት ያዙት። ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ «ቢተኩስብህ ኖሮስ?» አልኩት። «ግጥም ያለቀበት ሰው ነው የሚተኩስ» አለኝና ሌላ ወሬ ጀመረ። ያን ቀን በጣም ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ዕለት የወደድኩት ጊዜ የለም።

የተወለደው ድብ ባሕር አካባቢ፣ እርሻቸውንና ስማቸውን እኩል ከሚጠብቁ ሰዎች ነው። በዘራቸው አዝማሪ የለም። ታላቅ ወንድሙ በጥምቀት ለጉግስ የሚወጡበት ፈረስ ነበራቸው። ባሌ ጎረምሳ ሆኖ የመጀመሪያ ማሲንቆውን ከእንጨትና ከፍየል ቆዳ ሲሠራ ክር አጣ። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው። ሌላ ፈረስ ፈልጎ በመለመን ፈንታ፣ ጥምቀት ሲቃረብ የወንድሙን ፈረስ ጭራ ቆረጠ፤ ጥቂት ይበቃው ነበር፣ እጁ ግን ግማሹን ይዞ መጣ። ታላቅ ወንድሙ አገር በተሰበሰበበት ሜዳ ጭራው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ባጠረ ፈረስ ወጡ። ባሌ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ወንድሙ ግን አንድም ቀን አልሳቁበትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ እሱ ሲጠይቃቸው፣ «ወንድሜ ጎንደር ንግድ ላይ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

በመጨረሻው ዓመት ጣቶቹ እያበጡ ማሲንቆው አልታዘዝ አለው። «አንቺ ያዥው» አለኝ። በእኛ ሙያ ሴቷ ትዘፍናለች፣ ማሲንቆ የሚመታው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንቢ አልኩ። እሱ ደግሞ እንቢታ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ጓዳ ቁጭ ብዬ ስማር የማወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ በር ይመስል ነበር። «ሸጋ ነው፣ ቀጥይ» ይለኛል፣ ውሸታም። እየቆየ እጄ ተፍታታና ቤቱ ውስጥ እኔ እየመታሁ እሱ እየዘፈነ መሥራት ጀመርን። «ሴትዮዋን ምን ነካት» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ምንም አልነካኝም፤ ባሌ ታሞ ነበር።

ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ሰውና መኪና ይዘው መጡ። አጥንቱ ካባቶቹ ጋር ይረፍ አሉኝ። በቀብሩ ቦታ አልተከራከርኳቸውም፤ እዚያው ከተወለደበት ወስደን ቀበርነው። ጠባችን የተነሣው በማግስቱ ጠዋት ነው።

በዚያ አገር ትልቁ ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ በመሀሉ የሟቹ ምልክት ይወጣል፤ ጠመንጃው፣ ካባው፣ ፈረስ ካለው ፈረሱ ተሸልሞ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በፍሬም የገባ ፎቶው። ሙሾ አውጪዋ ምልክቱን እያየች ታወጣለች፣ ሕዝቡ ይቀበላታል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንኳ የወጣውን ምልክት አይቶ የሞተው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ያውቃል።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ ታላቅ ወንድሙ ጠመንጃቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። የባሌ ፎቶ አጠገባቸው ተደግፏል።

«ይኼ ከፎቶው ጋር ይወጣል» አሉኝ።

«ጠመንጃው ያንቱ ነው፣ አያ» አልኳቸው።

«ዛሬ የሱ ነው።»

«እሱ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም።»

«ለዚህ ነዋ የማውሰው።» ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «አገር ይመጣል። ከአዲ አርቃይ ድረስ አማቾች ይመጣሉ። ወንድሜን ባዶ እጁን አልሸኘውም።»

«ባዶ እጁን አይደለም። ማሲንቆ አለው።»

«ማሲንቆ የሰርግ ነው። በለቅሶ ማሲንቆ አውጥተሽ ዘራችንን ልታሰድቢ ነው?»

ደሜ ፈላ። ሰው የሚሰናበተው አንድ ጊዜ ነው። ያን ጠዋት ጠመንጃ ይዞ ከወጣ፣ ያ ሁሉ አገር የሚሸኘው አንድ የማላውቀውን ተኳሽ ነው። ያሳቀኝ፣ ያስቆጣኝ፣ ሽጉጥ ፊት ማሲንቆ ይዞ የቆመው ሰው ሳይለቀስለት ሊቀር ነው። ይህን በለሆሳስ ልነግራቸው ሞከርኩ፣ አልሰሙኝም። ነገሩ የመንደሩ ቄስ ዘንድ ሄደ።

«ማሲንቆ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም» አሉ ቄሱ።

«ከቅጥር ውጭስ፣ አባ?»

ጢማቸውን ነካኩ። «ከቅጥር ውጭ ያለው የናንተ ነው። እኔን አታስገቡኝ።»

ለእኔ ይህ በቂ ፈቃድ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ግን «አይሆንም» ብለው ተነሡ።

ሜዳው ሞላ። ታላቅ ወንድሙ ፎቶውን በእጃቸው፣ ጠመንጃውን በትከሻቸው ይዘው መሀል ገቡ። ሙሾ አውጪዋም ያየችውን ይዛ ጀመረች፤ ጀግናው፣ አነጣጣሪው፣ ጠላቱን የማይምረው እያለች ታወጣለች። እሷ ምን ታድርግ፣ ያሳዩዋት ጠመንጃ ነው። ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተቀበላት። እኔ ዶሮ ማረድ ይፈራ የነበረው ባሌ በገዳይነት ሲወደስ ቆሜ ሰማሁ። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ፤ የሚለቀስለትን ሰው አላውቀውማ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ማሲንቆውን ከተጠቀለለበት ጋቢ ፈትቼ ወደ መሀል ሄድኩ። አንድ ዘመዳቸው ክንዴን ያዘኝ። «ልቀቀኝ፣ ባሌ ነው» አልኩት፤ ለቀቀኝ። ከታላቅ ወንድሙ ፊት ቆሜ ማሲንቆውን መታሁና አወጣሁ፦

የሰው ሰርግ አድምቆ ሲያስጨፍር የኖረው፣
ለቅሶው ዝም ይበል ብሎ ማነው የተናገረው።

ማንም አልተቀበለም። ሙሾ አውጪዋ ዝም፣ ወንዶቹ ዝም። ዝምታ ለሙያዬ እንግዳ አይደለም፤ ስንት የተኮሳተረ ቤት ዘፍኜ አስነሥቻለሁ። ይህኛው ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም ከዚያ ክብ የሚያስወጣኝ ካለ ተሸክሞ ያውጣኝ ብዬ ቆረጥኩ። ማሲንቆውን ሁሉም እንዲያየው ከራሴ በላይ አነሣሁት፣ ዙሪያውን አሳየሁ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ መልሼ ሁለተኛውን አወጣሁ፦

ጥይት አልጎረሰ፣ ሰው አልወደቀበት፣
ያገሬ ሰው ሁሉ ስቆ ያደረበት።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቀበለችኝ። በኋላ እንደነገረችኝ ጎንደር ስትዳር ሰርጓ ላይ የመታው ባሌ ነበር። ሌላዋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሦስት አራት ሆኑ። ከጎንደር የመጡት ደንበኞቻችን ደፈሩና በወንዶቹ በኩል አነሡት። ሙሾ አውጪዋም ሙያዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ አነጣጣሪውን ትታ ወደ እኔ ዞረች፣ ስለ ማሲንቆው ታወጣ ጀመር። ያኔ ሜዳው በሙሉ ባሌን አለቀሰው። እኔም ያኔ ነው እንባዬ የመጣልኝ።

ታላቅ ወንድሙ ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከክቡ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለቅሶው እስኪያልቅ አንገታቸውን አላቀኑም። ስሄድ እስከ መኪናው ሸኙኝ።

ጎንደር ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ማሲንቆውን እኔው እየመታሁ እኔው እዘፍናለሁ። «ወንዱ የት ሄደ?» የሚለኝን «ቀበርኩት፤ ግጥም ካለህ ስጠኝ» እለዋለሁ። የከፋው ይወጣል፣ በሩ ክፍት ነው።

ለአርባው ወደ መንደሩ ሄድኩ። አልጠሩኝም፣ አልከለከሉኝም። ሰዉ በልቶ ሲበተን ታላቅ ወንድሙ መጥተው እኔ ያለሁበት አግዳሚ ላይ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አወሩኝ።

«ልጆቼ ሁሉም ከተማ ናቸው» አሉ ቆይተው። «ሙሾ አውጪያችንም አርጅታለች።»

የት ሊደርሱ እንደሆነ አልገባኝም።

«እኔ የሞትሁ ቀን ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ፣ አያ።»

«ለወንድሜ እንዳወጣሽው ታወጭልኛለሽ?»

«አወጣለሁ። ያንቱም ጠመንጃ ይወጣል፣ ዕድሜ ልክ አብሮዎት ነው። የወንድምዎ ማሲንቆ ግን አጠገቡ ይቆማል። ያለዚያ አልመጣም።»

ወደ ሜዳው ዞሩ። ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሡም።

«ማሲንቆውን በየት በኩል ነው የምታቆሚው?» አሉኝ።

«በቀኝ» አልኳቸው።