ጭስ አልባው ዳቦ ቤት

መቱ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለውን የእትዬ ጥሩአየሁን ዳቦ ቤት የማያውቅ ካለ፣ ትናንት የገባ እንግዳ መሆን አለበት። ወደ ጎሬ የሚነዳው ሹፌር፣ ወደ ቡሬ የሚመለሰው ነጋዴ፣ ኖፓ የሚያስተምረው መምህር ሁሉ ከእሳቸው ትኩስ ዳቦ ሳይዝ አይሳፈርም ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ይህን «ነበር» ያመጡት ሰዎች ዛሬም አንገታቸውን ቀና አድርገው በከተማው ይመላለሳሉ፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው።

ዳቦ የሚጋገርበትን የጭቃ ምድጃ የሠሩት ሟቹ ባላቸው አምባዬ ነበሩ። ቀዩን አፈር በአህያ አስጭነው፣ ከጭድ ጋር በእግራቸው ረግጠው፣ እንደ ጎጆ ክብ አድርገው አቆሙት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ያደጉት በዚያ ምድጃ ነው። እትዬ ጥሩአየሁ ጭሱን ወደውት አያውቁም፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ እንደቀላ ነው፣ ክንዳቸውም በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። እንጨት በተወደደ ቁጥርም ያማርራሉ። ስለዚህ የተሻለ ነገር መጣ ሲባሉ ጆሯቸውን አልደፈኑም።

የመጣው የማገዶ ቁጠባ ፕሮጀክት አስተባባሪው ፋኦል ነበር። የጎሬ ልጅ ነው፤ አፉ ይጣፍጣል። ስለ ካርቦን፣ ስለ አረንጓዴ ኢኮኖሚ፣ ስለ ኢሉባቦር ደን ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

«የኤሌክትሪክ ምድጃ በነፃ እንሰጥዎታለን፤ ደኑም ይተርፋል፣ ዓይንዎም ያርፋል» አላቸው።

«መብራቱ ሲጠፋስ ልጄ?»

«እትዬ ደግሞ! የሶር ወንዝ መብራት ማመንጫ ጓሯችን ሆኖ የመቱ ሰው ስለ መብራት ይጨነቃል?»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አሮጌው ምድጃ ካሜራ ፊት እንዲፈርስ። ይህን ያለው ከነባልደረቦቹ ከእሳቸው ገበታ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቤታቸው የበላን እንግዳ እምቢ ብሎ መመለስ እትዬ ጥሩአየሁ ያልለመዱት ነውር ነው። ዶማውን ራሳቸው አነሱ። አምባዬ የሠሩት ምድጃ ሲናድ ተጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አዲሱ ምድጃ ያብረቀርቃል፣ መብራቱ ግን አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይሰወራል። ሲመጣም አቅም የለውም፤ ዳቦው ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። የመስቀል ዋዜማ የታዘዘው ቡኮ ኮምጥጦ የጎረቤታቸው የጋሼ ዲንቃ ላም በላችው። ደንበኛው ሁሉ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። እትዬ ጥሩአየሁ ተስፋ ሲቆርጡ ፋኦል ቢሮ ድረስ ሄደው መብራቱ እስኪስተካከል የጭቃውን ምድጃ መልሰው እንዲሠሩ ለመኑት።

«እርስዎ እኮ ሞዴል ነዎት። ሞዴል ወደ ኋላ ይመለሳል እንዴ?» አላቸው። «ጭስ ከታየ የሰጠነውን እንነቅላለን።»

ሞዴል! ጦሙን የሚያድር ሞዴል የት አገር ታይቷል?

ይህም አልበቃ ብሎ ከቡሬና ከጎሬ ዳቦ ጋጋሪዎች የእትዬ ጥሩአየሁን ቤት እንዲጎበኙ ተጠሩ። ጎብኝተው ሲመለሱ የየራሳቸውን ምድጃ ሊያፈርሱ ተስማምተዋል። በጉብኝቱ ጠዋት መብራት የለም። ፋኦል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀነሬተር በፒካፕ አስጭኖ መጣና ከጋሼ ዲንቃ አጥር ጀርባ ተከለው፤ ገመዱን በቁጥቋጦው ውስጥ አሹልኮ ወደ ዳቦ ቤቱ አስገባ።

«ስለ ድምፁ ከጠየቁ የቡና መፈልፈያ ነው በሏቸው» አለ።

«ናፍጣ አቃጥለን ነው ጭስ አልባ የምንባለው?»

«ለዛሬ ብቻ ነው እትዬ። እባክዎ አያሳፍሩኝ።»

እንግዶቹ ገቡ። ዳቦው አምሮ ወጣ። ፋኦል ንግግሩን አወረደው፤ ፎቶ ተነሳ። ከእንግዶቹ መካከል ጃለኔ የምትባል ከቡሬ የመጣች ወጣት ጋጋሪ ዳቦውን ቆርሳ ቀመሰችና ወደ እትዬ ጥሩአየሁ ተጠጋች። ክንዷ እንደ እሳቸው በምድጃ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«እትዬ፣ እኔም ነገ ላፈርስ ነው። ልጆቼን የማሳድገው በእሱ ነው። ምን ይሉኛል?»

እትዬ ጥሩአየሁ ጠባሳውን አዩት። በራሳቸው ላይ የደረሰውን ችለውት ነበር፤ ይህችን ልጅ በገዛ አፋቸው ገደል መክተት ግን አቃታቸው።

«ኑ እስቲ ጓሮ፣ ጎደሬ ልንቀልላችሁ» አሉ።

ፋኦል ክው አለ። «እትዬ፣ ጊዜ የለንም፤ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«ከእኔ ቤት እንግዳ ባዶ እጁን ወጥቶ ያውቃል?»

በዚያ አገር እንግዳ ከጓሮ ሳይነቀልለት ወይም ሳይቆረጥለት አይሸኝም። የጎሬው ልጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ምን ብሎ ይከልክል? ሴቶቹ ተከታትለው ወጡ። እትዬ ጥሩአየሁ ለእያንዳንዷ ጎደሬ እየነቀሉ፣ አፈሩን እያራገፉ፣ በገመዱ ዳር ዳር ይዘዋቸው ሄዱ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቅርንጫፉን ገለጥ አደረጉት። ጀነሬተሩ በላስቲክ ተሸፍኖ ይጮኻል፤ ጥቁር ጭሱ የጋሼ ዲንቃን ቡና ጥላሸት አልብሶታል።

«ዱጉማ?» አለች ጃለኔ። እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው።

«እውነት ነው ልጄ። እኔ መብራት ጠልቼ አይደለም። ዓይኔ ሊጠፋ ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ይፈልገዋል? ግን መብራቱን ሳያመጡ ምድጃዬን አስፈረሱኝ። አንቺ እንዳታፈርሺ። መብራቱ መጥቶ ሲከርም ያኔ ታፈርሺዋለሽ።»

ተከትሏቸው የደረሰው ፋኦል ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «የልማት እንቅፋት ሆኑ እኮ እትዬ! ዛሬውኑ ምድጃውን እናነሳለን!»

«አንሱት! ዳቦ ካልጋገረ ምን ያደርግልኛል? የአምባዬን ምድጃ ግን ማን ይመልስልኛል?» አሉና እንባቸው መጣ።

የመኪናው ጡሩምባ ከደጅ ደጋግሞ ጮኸ፤ ከሴቶቹ አንዷም አልተንቀሳቀሰችም። ጃለኔ ጎደሬዋን አጥሩ ሥር አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አሰረች።

«እትዬ» አለች፣ «ቀዩ አፈር የሚቆፈረው የት ነው?»