ጭሱ ይጠብቀው የነበረው ዘር

አክስቴ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ሸዋ ቤንች ያለውን ቤቷን ዘግታ ሚዛን ተፈሪ እኛ ዘንድ ስትገባ፣ ከልብሷ ሌላ ይዛ የመጣችው አንድ እስር በቆሎ ብቻ ነበር። ፍሬው ወደ ቀይ ያደላል። እናቷ ትዘራው የነበረ ነው። ማድቤት ገብታ ከጉልቻው በላይ ካለው አግዳሚ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጓሯችን ትዘራው፣ ሲደርስም ደህና ደህናውን መርጣ ለዘር መልሳ ትሰቅል ነበር።

የኛ አገር ዝናብ ቶሎ አያባራም፤ እንጨቱም አይደርቅም። ማድቤቱ ሁሌ በጭስ የታፈነ ነበር። ሳሏ ሲብስባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመረመረቻት ነርስ፣ «መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ከጭሱ አርቂያቸው» አለችኝ።

ከባለቤቴ ጋር ምድጃ የሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ሄድን። አንዱ ምድጃ ተነስቶ የሚቀመጥ ነው፤ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ሌላው እዚያው ማድቤት የሚገነባ፣ ጭሱን በቧንቧ ከጣራ በላይ የሚያወጣ ነው። ሁለተኛውን መረጥን። እንጨቱ ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠና የደረቀ መሆን አለበት ስላሉን፣ ባለቤቴ ከቤቱ ጀርባ ለማገዶው ዳስ ሠራ።

ምድጃው ያሉትን ሁሉ ሆነ። አክስቴ ጎደሬ እየቀቀለች ዓይኗን ሳትጠርግ ታወራን ጀመር። ሌሊቱንም ሳትስል ታድር ነበር። ደስ አለን።

የዘር ጊዜ ሲደርስ በቆሎዋን ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች። እስሩን ስትነካው ነጭ ዱቄት ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ነቀዝ በልቶታል» አለች። ከወንበሩ ሳትወርድ ቧንቧውን አየችው። «ለካ ጭሱ ነበር የሚጠብቀው። አላሰብኩትም።»

ማናችንም አላሰብንም ነበር። የተረፉትን ጥቂት ፍሬዎች ዘራች፤ አልበቀሉም። ሸዋ ቤንች ድረስ ይዣት ሄድኩ። የወንድሟ ልጅ፣ «እሱንማ ከተውነው ቆየን። አሁን ሁላችንም የሱቅ ዘር ነው የምንዘራው» አለን። የሚያውቃቸውን ሁሉ ጠየቀልን፤ አልተገኘም። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ባለቤቴ ጨነቀው። «እማማ፣ ምድጃውን እናፍርሰው እንዴ?» አላት።

«ምን ሊያደርግ? በሱ ነው እኮ የምተነፍሰው» አለችው።

በዚያ ዓመት የሱቁን ዘር ዘራን። ነጭ ነው፤ ፍሬው ይሞላል። እሸቱ ደርሶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንበላ፣ ቀዩ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። አቃተኝ። ያን ያህል ዓመት እያወራሁ፣ ሌላ እያሰብኩ በልቼዋለሁ።

«የእናቴ ድምፅ ከጠፋኝ ቆየ» አለች አክስቴ ድንገት። «በቆሎዋ ግን ነበረኝ።»

እጇን ያዝኩ። ዝናቡ ሲጀምር ተነስተን ደጅ የተሰጣውን እንጨት ማስገባት ጀመርን።